የጓሯችን አረንጓዴ ጎማ

ዛሬ ጠዋት ጎመን ልተክል ጓሮውን ስቆፍር ዶማዬ ለስለስ ያለ ነገር ላይ አረፈ። ድንጋይ ቢሆን ይጮሃል፣ ሥር ቢሆን ይይዛል፤ ይሄ ግን ዶማውን መልሶ ገፋው። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእጄ ጠረግሁት። አረንጓዴ የውሃ ጎማ ነው። ፀሐይ ስላላየው ቀለሙ አልለቀቀም። ሌላ ሰው ቢያገኘው የውሃ መስመር የበጠሰ መስሎት ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ውስጡ ውሃ እንደሌለ አውቃለሁ። ዶማውን ጥዬ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እርጥብ አፈርና አሮጌ ላስቲክ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሸቱ ታውቂያለሽ? ያን ሽታ ካሸተትኩ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ግን ወዲያው የወንድሜ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ልንገርሽ። እኔ ወሬ አልችልም፤ ሰው ፊት ሲሆን ጭራሽ ይጠፋብኛል። እንዲህ ብቻዬን ሆኜ በልቤ ሳወራሽ ግን ይመጣልኛል።

ቤታችን ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ በኩል ዳገቱ ላይ ነው። ያኔ ዙሪያችን ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ያላለቀ የብሎኬት ቤት ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ከበሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ቤት ነው። ከኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ አባቴ ጭድና የእርሻ ዕቃ ያስቀምጥበት የነበረ ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት አለ፤ የጓሮው ቤት እንለዋለን። በሁለቱ ቤቶች መካከል ድንችና ጎመን ይተከላል፤ መሃል ላይ ደግሞ እናቴ የተከለችው ዳማ ከሴ ነበረ። ምች ሲመታን ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ግንባራችንን ትቀባናለች። ለጎረቤት ልጆችም ሳይቀር። እጇ ሁልጊዜ ዳማ ከሴ ዳማ ከሴ ይሸት ነበር።

እናቴ ስትታመም እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ዘጠነኛ አልገባሁም። ማንም ቅሪ አላለኝም፤ ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልግ ስለነበር እኔ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ክፍል ውስጥ ተነሽና መልሺ መባል ያስፈራኝ ስለነበር ብዙም አልከፋኝ። ወንድሜ ከእኔ ይበልጣል፤ ሰበታ ገበያው አጠገብ ሞባይል ይጠግን ነበር። የእናቴን አልጋ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አደረግንላት። ወንድሜ ዋይፋይ ያስገባው ያኔ ነው፤ ተኝታ እንዳይሰለቻት፣ በስልክ መዝሙር እንድታይ ብሎ። መስመሩ በራችን ላይ ካለው ምሰሶ መጥቶ በሳሎኑ ግድግዳ ገባ። ራውተሩም ራስጌዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ለቴሌቪዥኑና ለሬዲዮኑ እንዳደረግኩት ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩት።

"ይሄ ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸፍኚው?" ብሎ ወንድሜ ሳቀብኝ።

"አቧራ እንዳይገባው ነው።"

"ተዋት ልጄን" አለች እናቴ ከአልጋዋ ሆና፤ "አምሮበታል።"

እናቴ ካረፈች በኋላ አልጋው ተነሣ። ራውተሩ ግን ዳንቴሉን ለብሶ እዚያው ቀረ። ወንድሜ ሳሎን መቀመጥ አቃተው። ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ይቆማል፣ አልጋው የነበረበትን ቦታ ያያል፣ ይመለሳል። እራቱን ጓዳ ከእኔ ጋር ቆሞ ይበላ ነበር። አንድ እሁድ ፍራሹን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደ ጓሮው ቤት ወጣ። አባቴ ጭዱን አውጥቶ ወለሉን ጠረገለት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ዝም አለ። አባቴ ድሮም ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ያችውም ግማሿ በኦሮምኛ ናት። እኔን ታውቂኛለሽ። ቤቱን ቤት የሚያስመስሉት እናቴና ወንድሜ ነበሩ። እሷ ሄደች፤ እሱ አፉን ዘጋ። ምግብ ይዤለት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አገኘው ነበር። "ብላ እንጂ" ስለው "አስቀምጪው" ይለኛል። በነጋታው ሳህኑን እንዳለ አነሣዋለሁ።

ሳቁን የመለሰችው አንዲት የስልክ ጌም ናት። ሌላው ሰው ጌም ጊዜ ይገድላል ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን አልሰድባትም።

ዋይፋዩ ከሳሎን ተነሥቶ፣ በጓዳው መስኮት ወጥቶ፣ በዳማ ከሴው ላይ አልፎ፣ የጓሮውን ቤት ጭቃ ሰርጎ ይገባ ነበር። ደካማ ነው፤ ግን ይደርሳል። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይ ወደ ተፍኪ በኩል ስታዘቀዝቅ፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን በሁለት እጁ ይይዛል። አራት አራት ሆነው ቡድን እየሠሩ፣ ከአውሮፕላን እየዘለሉ፣ መሣሪያ ፈልገው የሚታኮሱበት ጨዋታ ነው። አንዱ ጓደኛው ቡራዩ ነው ያለው፣ አንዱ ሱሉልታ፤ አራተኛው የተገኘ ሰው ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም። ስማቸውንም እንጃ፤ የሚጠራሩት በከተማቸው ነበር።

እኔ ከፍራሹ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ዳንቴሌን እሠራለሁ። ወንድሜ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለእኔ ይሰጠኛል። የቡራዩው ወሬኛ ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ከሞተ በኋላ እንኳ አፉ አይዘጋም። የሱሉልታው ሁልጊዜ ይበርደዋል፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

"አንተ፣ ጓንትህን አውልቀህ ተኩስ!" ይለዋል የቡራዩው።

"ና እስቲ ሱሉልታ መጥተህ አውልቅልኝ!"

"ሰበታ! ሰበታ! የት ገባህ? ላግ እያደረግክ ነው እኮ፣ ተንቀረፈፍክ!"

"ዋይፋዩ ጎመን መሃል ደክሞት ቁጭ ብሎ ነው" ይላል ወንድሜ። ሦስቱም ይስቃሉ። እኔም በዳንቴሉ አፌን ሸፍኜ እስቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ክረምት ሲሆን ብዙ ጊዜ ዝናቡ ቡራዩ ቀድሞ ይጀምራል። የቡራዩው ልጅ ቤት ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ በጆሮ ማዳመጫው እሰማዋለሁ። ያኔ ዳንቴሌን ጥዬ ወጥቼ ያሰጣሁትን ልብስ እሰበስባለሁ። ጥቂት ቆይቶ እኛም ጋ ይደርሳል። ጎረቤቶቼ እንዴት እንደማውቅ ይገርማቸው ነበር፤ ጠይቀውኝም ግን አልተናገርኩም። እንዴት ብዬ ልናገር? የማላውቀው ልጅ ቤት ሲዘንብ ሰማሁ ልበል?

አባቴም ይሰማ ነበር። አመሻሽ ላይ ሞፈሩን ወይ ቀንበሩን ይዞ ይመጣና ከውጭ የጭቃውን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። የሚጠርብ ይመስላል፤ ግን ብዙም አይጠርብም። ውስጥ ወንድሜ ሲስቅ እጁ ይቆማል። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ይቀጥላል። አንድ ቀን ምን እንደሚያወሩ ጠየቀኝ።

"ይታኮሳሉ አባ።"

"ከማን ጋር?"

"ከማያውቁት ሰው ጋር።"

ራሱን ነቀነቀ። "መሳቁ ጥሩ ነው" አለ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ግን ነገሩን አያውቁም ነበር። አንድ አመሻሽ ወንድሜ "ከኋላህ! ግደለው! በለው! በመስኮት ገባ!" እያለ ሲጮህ ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ዘልቀው መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው በዚያ ቀዳዳ እንዴት እንዳለፉ እስከዛሬ አይገባኝም።

"ማል ታኤ! ምን ሆናችሁ? የታል ሌባው?" አሉ እያለከለኩ።

ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ወጣ፤ እኔም ማዳመጫው በጆሮዬ እንዳለ ተከተልኩት። "ይቅርታ አባባ፣ ሌባ የለም። ጨዋታ ነው።"

"ጨዋታ? በመስኮት ገባ አላልክም?"

"እዚህ ውስጥ ነው የገባው" ብሎ ስልኩን አሳያቸው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ፣ አባቴን አዩ። "ታዲያ ገደላችሁት?" አሉ። በጆሮ ማዳመጫው የቡራዩው ልጅ "ሰበታ፣ እኚህን አባት ወደ ቡድኑ አስገባቸው!" ሲል እኔና ወንድሜ ብቻ ሰማን። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሣቀ። አባቴም ሣቀ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነበር።

ክረምቱ እየቀረበ ሲመጣ አባቴ የጓሮውን ቤት ግድግዳ እየዞረ ያየው ጀመር። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ ባለፈው ዓመት ዝናብ በፍራሹ በኩል አርሶት ነበር። አባቴ ለማንም ሳይናገር ወይፈኑን ወደ ገበያ ነድቶ ሄደ። ሲመለስ በጋሪ አዲስ ቆርቆሮ ጭኖ መጣ። ወንድሜ ሥራ በዋለበት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጣሪያው እንዳለ ሆኖ አራቱንም ግድግዳ በቆርቆሮ አለበሰው። በሩንና የመስኮቱንም መዝጊያ ሳይቀር። ምስማሩን እኔ ነበርኩ የማቀብለው። ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ዓይን ያጠፋል፤ ሲመታ ደግሞ ፉሪ ድረስ ይሰማል። አባቴ ፀጥ ብሎ፣ እንደሚጸልይ ሰው፣ ሲመታ ዋለ።

ወንድሜ ሲመጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። እጁን እንኳ አልታጠበም።

"ከእንግዲህ ዝናብ አይነካህም፣ ኢልማ ኮ" አለው። ልጄ ማለቱ ነው።

ወንድሜ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰው። "አባዬ፣ ምን አደከመህ!" አለ፤ አቀፈው። ከልቡ ነበር፤ ፊቱን አይቻለሁ። ከዚያ ገብቶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። እኔም ዱካዬን ይዤ ገባሁ። ስልኩን ወደ ላይ አነሣው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ ወደ በሩ ሄደ። ምንም የለም። ጭቃውን ሰርጎ ይገባ የነበረው ዋይፋይ ቆርቆሮውን ማለፍ አልቻለም።

"ለአባዬ እንዳትነግሪው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ወይፈኑን እኮ ነው የሸጠው።"

"መስመሩን ወደዚህ ብታመጣውስ?"

"ከሳሎን?" አለኝ። ራውተሩን ከእናቴ ራስጌ ማን ያነሣል?

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ውጭ መቀመጥ ጀመረ። ጎመኑ መሃል ድንጋይ ላይ፣ የማዳበሪያ ላስቲክ ደርቦ፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይጫወታል። ዝናቡ ሲጠነክር ይገባል፤ ጓደኞቹ "ሰበታ ጠፋ" ይላሉ። እየዋለ እያደረ መጫወቱን ተወው። ሳህኑም እንደገና እንዳለ መመለስ ጀመረ።

አባቴ ይህን ሁሉ ከትልቁ ቤት በረንዳ ሆኖ ያያል። የሚያየው ግን ሌላ ነው። ልጁ አዲሱን ቤት ጠልቶ ዝናብ ላይ ሲቀመጥ ነው የሚያየው። አንድ ቀን እህል ሳበጥር አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ "ቤቱ አስጠላው አይደል?" አለኝ።

"አይ አባ።"

"ለምን ይደበድበዋል ታዲያ ዝናቡ?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ለወንድሜ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ደግሞ አባቴን እንዲህ ያለ ነገር፣ የለፋህበት ነገር ልጅህን ጎዳው ብዬ፣ እንዴት አድርጌ ልንገረው? አንገቴን ደፋሁ። አባቴም ቀስ ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሞፈሩን ይዞ ወደ ጓሮ አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ ልብሱን ላጥብለት ስገባ ወንድሜ ሻንጣ ሲያዘጋጅ አገኘሁት። ትልቅ ሻንጣ ሳይሆን የሥራ ቦርሳው ነው፤ ግን ሹራቡንም ብርድ ልብሱንም እየጨመረበት ነው።

"የት ነው?"

"ቡራዩ። ልጁ ክፍል አለኝ፣ ና አብረን እንኑር አለኝ። ዋይፋይም አለው። ሥራም እዚያ አይጠፋም።"

"እኛስ?"

"እመጣለሁ እኮ በሳምንት በሳምንት።" ፊቱን አዞረ። "እዚህ ቤት ውስጥ ፀጥታው ይገድለኛል። እዚያ ሰው አለ አይደል፣ ሲያወራ የሚሰማ ሰው። አንቺም አታወሪም፣ አባዬም አያወራም።"

ሊያስከፋኝ ብሎ አልነበረም። እውነቱን ነው። ልብሱን ይዤ ወጥቼ ገንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ሲሄድ ታየኝ። አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ፣ ቤቱን ጠልቶ ሄደ ብሎ ሲያስብ ታየኝ። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ ብሎ እንደሚያስብ አወቅሁ። ወንድሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ሱቁ ደርሶ ሊመጣ ወጣ። እኔም እጄን በቀሚሴ አብሼ አባቴ ወዳለበት ሄድኩ።

"አባ፣ እስቲ አንዴ ና።"

"ምን ሆንሽ?"

ስልኬን አወጣሁ። ፊቱ የተሰነጠቀ፣ ወንድሜ ጠግኖ የሰጠኝ ስልክ ነው። ሳሎን ገባሁና እናቴ ትወደው የነበረውን መዝሙር ከፈትኩ። አባቴ ዜማውን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። "ያዘውና ና፣ ወደ ጓሮ እንሂድ" አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ ተከተለኝ፤ ስልኩን ሙሉ ውሃ እንደያዘ ስኒ በሁለት እጁ ይዞ። በጓዳው በር ወጣን፤ መዝሙሩ አለ። በዳማ ከሴው አጠገብ አለፍን፤ አለ። የጓሮውን ቤት በር ከፍቼ አስገባሁትና ዘጋሁት። ትንሽ ዘመረና ቆመ። ስልኩ ላይ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ።

"ተበላሸ?" አለኝ።

በሩን ከፈትኩ። "ውጣ እስቲ አባ።"

ወጣ፤ ሁለት እርምጃ እንደሄደ መዝሙሩ ቀጠለ። ተመልሶ ገባ፤ ቆመ። ወጣ፤ ቀጠለ። ከዚያ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ።

"ብረቱ ነው?"

"አዎ አባ። ብረት አያሳልፈውም።"

"ጭቃው ያሳልፈው ነበር?"

"ያሳልፈው ነበር።"

"ለዚህ ነው ዝናብ ላይ የሚቀመጠው?"

"ለዚህ ነው። ቤቱን ጠልቶ አይደለም። ቡራዩ ሊሄድ ቦርሳውን ሞልቷል።"

"ታዲያ ምነው አይነግረኝም?"

"ደስ ብሎህ ስለነበረ።"

አባቴ ስልኩን መለሰልኝ። ቆቡን አደረገ። ከዚያ መዶሻውን አምጥቶ የመጀመሪያውን ምስማር መንቀል ጀመረ። "አባ ተው!" ብለው አልሰማኝም። ወንድሜ ሲመለስ አንዱ ቆርቆሮ በግማሽ ተንጠልጥሎ ነበር።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ዋይፋይህን ላስገባ ነዋ!" አለ አባቴ፣ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ። "በአንድ በኩል እተውልሃለሁ። በዚህ በኩል ዝናብ አይመታም።"

ወንድሜ ሮጦ ቆርቆሮውን ያዘ። አንዱ ሊያነሣ፣ አንዱ ሊመልስ ሲታገሉ ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ ይጮሃል። ከዚያ ወንድሜ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ አለቀሰ። ለእናቴ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። አባቴ መዶሻውን ጥሎ እጁን ማጅራቱ ላይ አደረገለት፤ እንደዚያው ያዘው።

"ቆርቆሮው ይኑር" አለ ወንድሜ በመጨረሻ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። "ኬብል መሳብ እንችላለን። ራውተሩ ሳይነሣ። ከእሱ ኬብል አውጥቼ እዚህ ሌላ ትንሽ ራውተር አስቀምጣለሁ። ግን በአየር ላይ ከሆነ ፀሐይ ይበላዋል፣ መሬት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይገባዋል።"

"እንደ ውሃ መስመር ነው?"

"እንደዚያ በለው።"

አባቴ ድሮ ጎመኑን ያጠጣበት የነበረውን አረንጓዴ ጎማ ከጎተራው ሥር ጎትቶ አወጣ። "በዚህ ውስጥ አያልፍም?"

በነጋታው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁፋሮ ጀመርን። ወንድሜ ቀጥ ያለ ገመድ ከጓዳው መስኮት እስከ ጓሮው ቤት ወጠረ። አባቴ ገመዱን ተከትሎ ጥቂት ቆፈረና፣ መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱን ትቶ ወደ ግራ ታጠፈ።

"አባዬ፣ ቀጥ ብሎ ነው እኮ!"

"ዳገት ነው። ዋይፋይህ ዳገት ይወጣል?"

ወንድሜ ሣቀ። "ይወጣል አባዬ! ውሃ አይደለም።"

"ለማንኛውም ዳገቱን እናስቀረው" ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "አካም ጅርቱ! ምን ልትተክሉ ነው?"

"ዋይፋይ" አለ አባቴ ቀና ሳይል።

"ሲደርስ ለእኔም ዘር አስቀምጡልኝ" አሉ ሽማግሌው፤ ራሳቸው ሣቁ።

ቦዩ ስለዞረ ወንድሜ የለካው ኬብል አጠረ። ሰበታ ወርዶ ተጨማሪ አምጥቶ መቀጠል ነበረበት። "ቀጥ ቢል እኮ ይደርስ ነበር" እያለ ሲያጉረመርም አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ጎማውን አፈር ያለብስ ነበር። እኔም ከኋላው አፈሩን በእግሬ እጠቀጥቃለሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አዲሱ ራውተር ጓሮው ቤት ውስጥ አረንጓዴ መብራቱን አበራ። የሚለብሰው ዳንቴል አስቀድሜ ጨርሼለት ነበር።

"ሰበታ! ተነሣህ?" አለ የቡራዩው። "ክፍሉን ጠርጌ ስጠብቅህ እኮ ነው!"

"አልመጣም" አለ ወንድሜ። "ዋይፋይ ገብቶልኛል።"

"ሱሉልታ፣ ሰበታ ካደን!"

አራተኛ ሰው አልነበረም። ወንድሜ የእኔን ስልክ ተቀብሎ አንድ ነገር ነካካና መለሰልኝ። "አንቺ ግቢ" አለኝ። መሮጥ እንጂ መተኮስ አልቻልኩም፤ ከኋላቸው እየተከተልኩ ብቻ ሄድኩ። ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ ሲገቡ እኔ ውጭ ቀርቼ ነበር። አንድ ሰው በጓሮ ዞሮ ሲመጣ አየሁት። ሳላስበው ጮኽኩ።

"ከኋላችሁ! በጓሮ መጣ!"

ከዚያ ተኩስ ሆነ። "ይቺ ማናት?" አለ የቡራዩው። "ሰበታ ሁለት ሆነ እንዴ?"

ከውጭ ሞፈር ሲጠረብ ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ። አባቴ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነበር። "ኢንታላ ኮ ናት የጮኸችው" ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ፤ ሴቷ ልጄ ማለቱ ነው።

ወንድሜ ቡራዩ ሳይሄድ ኖረ። ብዙ ክረምት። ጓደኞቹን በአካል ያየኋቸው በሠርጉ ቀን ነው፤ የሱሉልታው በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ መጣ። እኔ ጓዳ ተደብቄ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። አሁን ወንድሜ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ከሚስቱና ከልጁ ጋር። ጌሙን ከተወው ቆይቷል። ክረምት ሲሆን ግን ይደውላል። "እዚህ ጀምሯል፤ ያሰጣሽው ካለ አስገቢ" ይለኛል። የኮዬ ፈጬ ዝናብ ሰበታ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አስገባዋለሁ።

ዳማ ከሴው ወንድሜ ባገባበት ዓመት ውርጭ መትቶት ደረቀ። ጉቶውን አባቴ ራሱ ነቅሎ ወሰደው። ቦታውም ጠፋ፤ ሣር ወረሰው። እኔም ረስቼው ነበር።

ዛሬ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ጎማው ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አፈሩን በእጄ እየገለጥኩ ተከተልኩት። ከጓዳው በኩል ቀጥ ብሎ ይመጣል። መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍና ክብ ሠርቶ ይዞራል፤ ዞሮ ወንድሜ ገመድ ወጥሮበት ወደነበረው መስመር ይመለሳል። ክቡ ውስጥ ምንም የለም። ሣር ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ሣር ሣር ይሸታል።

አባቴ አሁን ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ጠዋት ጠዋት የጓሮውን ቤት ቆርቆሮ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል።

"አባ" አልኩት፤ "ጎማው እዚህ ጋ ለምን ዞረ?"

"ዳገቱን ለማስቀረት።"

"እዚህ ጋ እኮ ዳገት የለም።"

ዓይኑን ከፀሐዩ ጋረደና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሣሩ አየ። "ሥሩ ሰፊ ነበር" አለ። "እቆርጥባታለሁ ብዬ ፈራሁ።"

አፈሩን በጎማው ላይ መለስኩ። በእግሬ ጠቀጠቅሁት፤ እንደዚያን ዕለት። ከዚያ ዶማዬን አንሥቼ የጎመኑን መደብ መቆፈር ቀጠልኩ። መሃል ላይ ስደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

"መደቡ ጠመመብሽ" አለኝ አባቴ።

"አውቄ ነው አባ" አልኩት።

ችግኙን ዙሪያውን ተከልኩና መሃሉን ባዶውን ተውኩት።